አደጋ ላልተመዘገበበት ወር የሚሰጥ ሽልማት፦ እናንሳው ወይስ እንለውጠው?

ጥያቄ፦ «ሦስት መቶ ያህል ሠራተኞች ባሉት የብረታ ብረት ፋብሪካ የሥራ ላይ ደኅንነት ኃላፊ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በወሩ ውስጥ አንድም ጉዳት ላልተመዘገበበት ክፍል ሠራተኞች በሙሉ የገንዘብ ማበረታቻ እንሰጣለን። የተመዘገበው ጉዳት በጣም ቀንሷል፤ ሥራ አመራሩም በውጤቱ ደስተኛ ነው። በቅርቡ ግን አንድ ሠራተኛ የላሜራ ጠርዝ የሰነጠቀውን መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ለሁለት ቀናት ሲሠራ መቆየቱን ደረስንበት። ሽልማቱን እናንሳው? ካነሳነውስ በምን እንተካው? ሠራተኛው በደኅንነት ጉዳይ ከልቡ እንዲሳተፍ የሚያደርግ ማበረታቻ አለን?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የዚህን ሠራተኛ ጉዳይ እንደ አንድ ግለሰብ የዲሲፕሊን ጥፋት እንዳይመለከቱት አደራ እላለሁ። ማበረታቻው ለክፍሉ በጅምላ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ሰውየው ጉዳቱን ቢያመለክት ኖሮ የሚቀረው የራሱ ድርሻ ብቻ ሳይሆን አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ሁሉ ድርሻ ነበር። በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ሲገባ የሚጠብቀው «እጅህ ተሻለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ «ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው!» የሚል ወቀሳ ይሆን ነበር። ድርጅቱ «አትጎዱ» ለማለት አስቦ ነው ሽልማቱን ያወጣው፤ ከሠራተኛው ጆሮ የደረሰው ግን «አትናገሩ» የሚለው ነው።

እንግዲህ መልሴን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጉዳት ባለመመዝገቡ ላይ የተመሠረተውን ሽልማት ያንሱት፤ ማበረታቻን ግን ከነጭራሹ አይተዉት። የሚሸለመው ሠራተኛው ሊያደርገው በሚችለውና በእጁ ባለ ተግባር መሆን አለበት፤ ከእነዚህ ተግባራት ደግሞ ቀዳሚው አደጋን መናገር ነው።

በመዝገብ ላይ ያለን የጉዳት ቁጥር ወደ ዜሮ ለማውረድ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ለማሽኑ መከለያ መሥራት፣ የሚያንሸራትተውን ወለል ማስተካከል፣ ሥልጠና መስጠትና የሥራውን ፍጥነት መመጠን ሲሆን፣ ይህ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል። ሁለተኛው መዝገቡ ላይ አለመጻፍ ነው፤ ይኼኛው ምንም ወጪ የለውም። የእናንተ ሽልማት ሁለቱን መንገዶች አይለይም፤ ለሁለቱም እኩል ይከፍላል። በአማካሪነት በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ መግቢያ ላይ ያለ አደጋ ያለፉትን ቀናት የሚቆጥር ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። የእግር ጣቱ የተሰበረ ሠራተኛ ጠዋት በድርጅቱ መኪና ከቤቱ እየመጣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይውል እንደነበር ያወቅሁት ከጽዳት ሠራተኞች ጋር ሳወራ ነው። ሰውየው ከሥራ ስላልቀረ ጉዳቱ የሥራ ቀን ያስቀረ ተብሎ አልተመዘገበም፤ የሰሌዳውም ቁጥር መቆጠሩን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባው፣ የሚደበቀው ጉዳት ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። የተሰበረ ክንድ ወይም በፎርክሊፍት የተገጨ ሰው ሊደበቅ አይችልም። የሚደበቀው ትንሹ ጉዳት ነው፤ ጭረቱ፣ ቃጠሎው፣ የወገብ ሕመሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንንም ሳይነካ ለጥቂት ያለፈው አደጋ። እ.ኤ.አ. በ1931 ሃይንሪክ የተባለው የኢንሹራንስ ባለሙያ ከአንድ ከባድ ጉዳት ጀርባ 29 ቀላል ጉዳቶችና 300 ጉዳት ያላስከተሉ ክስተቶች አሉ ሲል ጽፎ ነበር። ቁጥሮቹ ለሁሉም ሥራ እንደማይሠሩ ከዚያ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች በሰፊው ተችተዋል፤ እኔም በዚህ ስሌት ዕቅድ እንዲያወጡ አልመክርም። ሆኖም ትንንሾቹ ክስተቶች የትኛው ማሽን፣ የትኛው ፈረቃ፣ የትኛው አሠራር እንደተበላሸ የሚነግሩ በነጻ የሚገኙ መረጃዎች መሆናቸው አያከራክርም። የአሁኑ ሽልማት እነዚህን መረጃዎች ከእጅዎ እየወሰደ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ጥገና ክፍሉም ያልሰማውን ብልሽት ሊጠግን አይችልም።

ሌላው ችግር ከሐቀኝነት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በዓመት በአማካይ 2 ጉዳት የሚደርስበትን ክፍል ያስቡ። ጉዳቶቹ በዘፈቀደ የሚከሰቱ ናቸው ብንል፣ ይህ ክፍል ምንም ነገር ሳያሻሽል ከ12 ወራት 10 ያህሉን ያለ ጉዳት ያሳልፋል፤ ሽልማቱንም ይወስዳል። በዓመት በአማካይ 12 ጉዳት የሚደርስበት፣ ማለትም ስድስት እጥፍ አደገኛ የሆነው ክፍል እንኳ በዕድል ብቻ አራት ያህል ወራት ይሸለማል። በዚህ አሠራር መጋዘን ጠባቂውና የሒሳብ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ሲሸለሙ፣ በፕሬስ ማሽንና በብየዳ ላይ ያሉት፣ ማለትም ደኅንነታቸው በእርግጥ የሚያሳስበን ሠራተኞች፣ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሠራተኞች ይህን ለመረዳት ስሌት አያስፈልጋቸውም። ሽልማቱ በዕጣ የሚወጣ ነገር መሆኑን በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ያውቁታል፤ ከዚያ በኋላ ለጥንቃቄ የሚጨምረው ጉልበት አይኖርም፤ ለመደበቅ የሚጨምረው ግን እንዳለ ይቆያል።

ይህ የአነስተኛ ድርጅቶች ችግር ብቻ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዎተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዕለት የሁለቱ ኩባንያዎች፣ ጉድጓዱን ያስቆፍር የነበረው የቢፒና የመድረኩ ባለቤት የሆነው የትራንስ ኦሽን፣ ኃላፊዎች በመድረኩ ላይ ነበሩ፤ ከጉብኝታቸው ምክንያቶች አንዱም ሠራተኞቹ ሰባት ዓመታት የሥራ ቀን የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስባቸው መሥራታቸውን ለማመስገን ነበር። የተመዘገበው ቁጥር ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ደረጃ ላይ መውደቁን ወይም እጁን መቆረጡን የሚቆጥር መለኪያ፣ ከጉድጓዱ ሥር ስለሚመጣው ጋዝ የሚናገረው ነገር የለም። ይባስ ብሎ ትራንስ ኦሽን በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሰነድ፣ በጉዳት መለኪያዎቹ መሠረት 2010 በደኅንነት ረገድ ከሁሉ የተሻለ ዓመቱ እንደነበር ገልጾ ለኃላፊዎቹ ማበረታቻ ከፈለ፤ ከፍተኛ ቁጣ በመቀስቀሱም ኃላፊዎቹ ከደኅንነት ጋር የተያያዘውን ድርሻ ለሟቾቹ ቤተሰቦች መታሰቢያ ፈንድ ሰጡ። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን ነው ያሰላው። የእርስዎ ሥራ አመራር ስለ መዝገቡ መቀነስ ሲደሰት ይህን ታሪክ ቢነግሯቸው አይከፋም።

በሌላ በኩል ሽልማትን በጠቅላላ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት መከራከሪያ አለ፤ ገንዘብ ውስጣዊ ፍላጎትን ይገድላል የሚል ነው። ዘወትር የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የሕፃናት ጥናት ሲሆን፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ለመሣላቸው ሽልማት እንደሚሰጣቸው ቃል ከተገባላቸው በኋላ በራሳቸው ፈቃድ የሚሥሉበት ጊዜ ቀንሶ ታይቷል። ጥናቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በእኔ አስተያየት ለፋብሪካ ሥራ ሲጠቀስ ከልክ በላይ ይለጠጣል። ሥዕል በራሱ ደስ የሚል ነገር ነው፤ በሙቀት ውስጥ የጆሮ መከላከያ አድርጎ ስምንት ሰዓት መቆም ግን ለማንም ደስታ ሰጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚገደል ፍላጎት ብዙም የለም። ከዚያ ጥናት ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ሁለተኛው ግኝቱ ነው፦ አስቀድሞ ቃል ሳይገባላቸው በድንገት የተሸለሙት ሕፃናት ፍላጎታቸው አልቀነሰም። አስቀድሞ በውል የታሰረ ክፍያና ከሥራው በኋላ የሚመጣ ምስጋና በሰው ልብ ውስጥ አንድ አይደሉም።

ማበረታቻ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመውን በአንድ ትልቅ ዳቦ ቤት የተደረገ ጥናት መመልከት ይበጃል። ተመራማሪዋ ኮማኪ እና ባልደረቦቿ የቆጠሩት ጉዳትን አልነበረም። በየክፍሉ የሚሠሩ ሥራዎች ምን ያህሉ በጥንቃቄ እንደሚከናወኑ በዐይን እየተመለከቱ መዘገቡ፤ ትክክለኛውን አሠራር ለሠራተኞቹ በሥዕል አሳዩ፤ ከእነርሱም ጋር ግብ አስቀመጡ፤ ውጤቱንም በየጊዜው በግድግዳ ላይ ለጠፉ። በጥንቃቄ የሚከናወነው ሥራ በአንዱ ክፍል ከ70 ወደ 96 ከመቶ ገደማ፣ በሌላው ከ78 ወደ 99 ከመቶ ገደማ ከፍ አለ። ለዚህ ውጤት የገንዘብ ሽልማት አልተከፈለም። የተለጠፈው ውጤትና የኃላፊዎች አድናቆት ሲቋረጥ ግን አሠራሩ ወደ ቀድሞው ቦታ ተመለሰ። እንግዲህ ሠራተኛን የሚያነሣሣው ነገር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ያለማቋረጥ መሰጠት አለበት። ብዙ ድርጅቶች ገንዘቡን የሚመርጡት ይህኛው የኃላፊዎችን ጊዜ ስለሚጠይቅ ይመስለኛል።

ማበረታቻ የግድ የሚጨበጥ ነገር መሆን እንደሌለበት የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ ከአቪዬሽን የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎች፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችና ሌሎች ባለሙያዎች የፈጸሙትን ስሕተት ወይም ያዩትን አደጋ የሚያሳውቁበት፣ ናሳ የሚያስተዳድረው ሥርዓት አለ። ሪፖርቱን የሚቀበለው የመቅጣት ሥልጣን ያለው የአቪዬሽን ባለሥልጣን አለመሆኑ የሥርዓቱ ዋና ብልሃት ነው። ሆን ተብሎ ያልተፈጸመን ስሕተት በ10 ቀናት ውስጥ ያሳወቀ ሰው ከቅጣት የሚጠበቅበት አሠራር ተዘርግቷል፤ የሪፖርት አቅራቢው ማንነትም ከመዝገቡ ይወጣል። ከገንዘብ ይልቅ ለእነዚህ ሰዎች የተሰጣቸው እፎይታ ነው፤ ለእፎይታው ብለውም የራሳቸውን ስሕተት በራሳቸው እጅ ጽፈው ያስረክባሉ። በፋብሪካዎ ውስጥ ሪፖርቱ በቀጥታ ለፎርማኑ የሚደርስና ፎርማኑም የሠራተኛውን የሥራ ግምገማ የሚሞላ ከሆነ፣ ማንኛውንም ሽልማት ከማሰብዎ በፊት ይህን መስመር ይለውጡ።

አሁን ወደ እርስዎ ፋብሪካ እንመለስ። እኔ ብሆን ገንዘቡን በሦስት ነገሮች ላይ አውለው ነበር፦ ለጥቂት ያለፈ አደጋን ወይም አደገኛ ሁኔታን ማመልከት፣ መፍትሔ ማቅረብ፣ እንዲሁም በደኅንነት ፍተሻና በሥልጠና ላይ መሳተፍ። ነገር ግን «በወር ሦስት ሪፖርት ያቀረበ» የሚል ኮታ በፍጹም አያውጡ። ኮታ ባለበት ቦታ በወሩ መጨረሻ «የኮሪደሩ አምፖል ተቃጥሏል» የሚል ወረቀት ይጎርፋል፤ ደኅንነት ክፍሉም በወረቀት ሥር ይቀበራል። የተሻለው መንገድ የደኅንነት ኮሚቴው፣ የሠራተኛ ተወካዮች ባሉበት፣ ከወሩ ሪፖርቶች መካከል ከባድ ጉዳትን ሊያስቀር የቻለውን መርጦ እንዲሸልም ነው። መጠኑ አነስተኛ ይሁን። ትልቅ ገንዘብ ሰዎችን ለማስመሰል ይጋብዛል፤ ምቀኝነትም ያመጣል። ከመጠኑ ይልቅ ፍጥነቱና ከማን እንደመጣ ይከበራል፦ ሪፖርቱ በቀረበ በጥቂት ቀናት ውስጥ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ወደ ማሽኑ ወርዶ «ያመለከትከው ነገር ይህን አደጋ አስቀርቷል» ቢል፣ በዓመት አንድ ጊዜ በመድረክ ላይ ከሚሰጥ የምስክር ወረቀት ይበልጣል። ስሙ በአደባባይ እንዲጠራ የማይፈልግ ሠራተኛም ስለሚኖር አስቀድመው ፈቃዱን ይጠይቁት።

የግል መከላከያ ትጥቅን በሽልማት መልክ መስጠት፣ ለምሳሌ ጥሩ ጓንት ወይም የደኅንነት ጫማ «ለምርጥ ሠራተኛ» ማበርከት፣ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። እነዚህ የአሠሪው ግዴታዎች ናቸው።

ሥራን ስለማስቆምም ጥቂት ልበል። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው 155ኛው ስምምነት በአንቀጽ 13፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ቅርብና ከባድ አደጋ እንዳለ በምክንያት አምኖ ከሥራው የተለየ ሠራተኛ ተገቢ ያልሆነ መዘዝ እንዳይደርስበት ጥበቃ ይሰጠዋል። በመመሪያዎ ውስጥ ይህ መብት ተጽፎ ይሆናል። ሠራተኞች የሚያምኑት ግን የመጀመሪያው ሰው ማሽን ባስቆመ ዕለት የሆነውን ነው። ያስቆመበት ምክንያት በኋላ ሲጣራ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በሰው ሁሉ ፊት ይመስገን። ተሳስቶ ያስቆመ ሰው ከተወቀሰ፣ ልክ የሆነው ሰውም ሁለተኛ አያስቆምም።

በጥያቄዎ ያላነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው አንድ ነገር አለ፤ የምርት ቦነሱ። በአብዛኞቹ ፋብሪካዎች በቁራጭ ወይም በቶን የሚከፈል የምርት ማበረታቻ አለ፤ መጠኑም ከደኅንነት ሽልማቱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የፕሬስ ማሽኑ መከለያ በእያንዳንዱ ምት ላይ ሥራውን ጥቂት ሰከንዶች የሚያዘገይ ከሆነ፣ ሠራተኛው መከለያውን ሲያነሣ በቀን ምን ያህል እንደሚያገኝ ከእርስዎ የተሻለ ያውቃል። በዚህ ሁኔታ ድርጅቱ በአንድ እጁ ለጥንቃቄ ጥቂት፣ በሌላው እጁ ለጥድፊያ ብዙ እየከፈለ ነው። አዲስ ሽልማት ከመቅረጽዎ በፊት ከሰው ኃይል አስተዳደርና ከምርት ክፍል ጋር ተቀምጠው ሁለቱን ክፍያዎች ጎን ለጎን ይመልከቷቸው፤ ምናልባትም የሚያስፈልገው አዲስ ሽልማት መጨመር ሳይሆን የምርት ቦነሱን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም የጊዜያዊና የኮንትራት ሠራተኞች ማበረታቻው ውስጥ መካተታቸውን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ አደገኛውን ሥራ የሚሠሩት እነርሱ ሲሆኑ ከሽልማቱ ዝርዝር የሚወጡትም እነርሱ ናቸው።

ኃላፊዎችንና ፎርማኖችን በተመለከተ፣ የእነርሱ መለኪያ የጉዳት ቁጥር መሆኑ ቀርቶ የመልስ ፍጥነት ይሁን፦ በክፍላቸው የቀረቡ ሪፖርቶች ስንቱ እልባት አገኙ፣ በስንት ቀን? አልኮዋ የተባለውን የአሉሚኒየም ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የመሩት ፖል ኦኒል የተከተሉት መርሕ፣ አደገኛ ሆኖ የተገኘ ነገር በጀት ሳይጠበቅ ወዲያው ይስተካከል የሚል ነበር። ሠራተኛ ያመለከተው ነገር ተስተካክሎ ሲያይ ሌላም ያመለክታል፤ ሦስት ወር በመሳቢያ ውስጥ ከተኛ ግን ምንም ያህል ሽልማት ቢታወጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ስለ ተሳትፎ በጠየቁት ላይ ያለኝ መልስ በአብዛኛው ይኸው ነው።

የሽግግሩን ነገር በጥንቃቄ ይያዙት። ለአንድ ዓመት ሲከፈል የቆየ ማበረታቻ በሠራተኛው ዘንድ የደመወዝ አካል ሆኗል፤ በድንገት ቢያነሡት «ደኅንነት» በሚል ስም ገንዘብ ተቀነሰብን ይላሉ፤ ቅሬታቸውም ትክክል ይሆናል። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተነጋግረው አብዛኛውን ገንዘብ ወደ መደበኛ ክፍያ ወይም ለሁሉም ወደሚደርስ ጥቅም ያዛውሩት፤ ቀሪውን ትንሽ ድርሻ ለአዲሱ አሠራር ያውሉት። ሥራ አመራሩ ዜሮ ቁጥርን ጨርሶ አልለቅም ካለ ደግሞ፣ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት አስተዳደር የሆነው ኦሻ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ማብራሪያ ለክርክር ይጠቅምዎታል። መሥሪያ ቤቱ በጉዳት ቁጥር ላይ የተመሠረተን ሽልማት ጨርሶ አይከለክልም፤ ነገር ግን ሠራተኞች ጉዳት ከማመልከት እንዳይታቀቡ በቂ ጥንቃቄ እንዲደረግ ይፈልጋል፤ ለምሳሌም አደገኛ ሁኔታን የሚጠቁሙ ሠራተኞችን መሸለምን፣ ያለ ፍርሃት የማመልከት መብታቸውን በሥልጠና ማስረዳትን፣ ለማመልከት ያላቸውን ፈቃደኝነት በየጊዜው መመዘንን ይጠቅሳል።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ለሥራ አመራሩ በጽሑፍ ያሳውቁ፦ ሽልማቱ በተለወጠ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተመዘገበው ጉዳት ከፍ ይላል። አደጋው ስለጨመረ አይደለም፤ ተደብቆ የነበረው ስለሚወጣ ነው። ይህን አስቀድመው ካልተናገሩ፣ በሁለተኛው ወር ስብሰባ ላይ አዲሱ አሠራር እንደከሸፈ ተቆጥሮ ወደ ቀድሞው እንመለስ መባሉ አይቀርም። ከመዝገቡ ጎን ለጎን ጉዳቶቹ ምን ያህል ከባድ እንደሆኑም ያሳዩ። ቀላል ጉዳቶችና ለጥቂት ያለፉ አደጋዎች ሲጨምሩ ሆስፒታል የሚያስተኙ ጉዳቶች ባሉበት ቆመው ወይም ቀንሰው ከታዩ፣ አካሄድዎ ልክ ነው። ከመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ የወጣውን ፋሻና የቁስል ፕላስተር ከመዝገቡ ጋር ማነጻጸርም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሠላሳ ፋሻ ወጥቶ ሁለት ጉዳት ብቻ ከተመዘገበ መልሱ ግልጽ ነው።

መዳፉ ስለተሰነጠቀው ሠራተኛ፣ ሕክምናው ተሟልቶ የሥራ ላይ ጉዳት ሆኖ ይመዝገብለት፤ ክፍሉም በእርሱ ምክንያት የዚህን ወር ክፍያ እንዳያጣ ያድርጉ። እጁን የሰነጠቀው የላሜራ ጠርዝ ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ በጥያቄዎ ላይ አልገለጹም፤ ነገ ጠዋት በቅድሚያ እርሱን ሄደው ይመልከቱት።